"ጥናት አረጋገጠ" የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥም ማጣራት ከየት ይጀመራል?

#1 ብራና

ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ጽሑፍ እውነት መሆኑን ለመለየት የሚሰጠው የተለመደ ምክር ይህ ነው፦ ጸሐፊውን እይ፣ ቀኑን እይ፣ የፊደል ግድፈት እንዳለው እይ፣ "ስለ እኛ" የሚለውን ገጽ አንብብ፣ ከሥር ማጣቀሻ መደርደሩን አረጋግጥ። ለታተመ መጽሐፍ ደኅና ምክር ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን እነዚህ ሁሉ በገጹ ባለቤት እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ሊያሳስት የተነሣ ሰው ያማረ ዲዛይን ይገዛል፣ የጸሐፊ ስምና ፎቶ ይለጥፋል፣ "ስለ እኛ" ላይ የፈለገውን ይጽፋል። ገጹን በገጹ ብቻ መመዘን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው።

በ2017 ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 45 ሰዎችን ፈተኑ (በዚህ ክር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። 10ሩ የታሪክ ምሁራን፣ 10ሩ በሙያቸው መረጃ አጣሪዎች፣ 25ቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ የሁለት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራትን ገጾች ማወዳደር ነበር። አንዱ በ1930 የተመሠረተና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ነው። ሌላው በ2002 ከእሱ ተነጥሎ የወጣ ትንሽ ማኅበር ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ ገጾቻቸውም እኩል የተስተካከሉ ናቸው። ከምሁራኑና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ተቀምጠው አርማውን፣ የአጻጻፉን ለዛና የማጣቀሻውን ብዛት መረመሩ፤ ልዩነቱም አመለጣቸው። አጣሪዎቹ ግን ወዲያው ከገጹ ወጥተው ሌሎች ታቦች ከፈቱና ስለ ማኅበሩ ሌሎች ምን እንዳሉ ፈለጉ። በአጭር ጊዜ ደረሱበት። ይህ አሠራር "ወደ ጎን ማንበብ" ይባላል።

በተግባር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከሁሉ በፊት የተባለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡት፦ ማን፣ ምን አገኘ፣ በእነማን ላይ፣ መቼ። "ጥናት አረጋገጠ" ብሎ የአጥኚውን ስም፣ ተቋሙንና የጥናቱን ርእስ የማይጠቅስ ጽሑፍ እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ ከዚህ በላይ አትድከሙበት። ስም ካለ አዲስ ታብ ከፍታችሁ የገጹን ወይም የተቋሙን ስም ፈልጉ፣ እነሱ ስለ ራሳቸው የጻፉትንም ዝለሉት። ጎግል ላይ የራሳቸውን ገጽ ከውጤቱ ለማስወጣት የመቀነስ ምልክት፣ ከዚያ ሳይት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከዚያ የኮሎን ምልክትና የገጹን አድራሻ ሳትነጣጥሉ ጻፉ። ቀጥሎ ያንኑ ወሬ ሌላ ማን እንደዘገበው ተመልከቱ። በመጨረሻ ዋናው ምንጭ ድረስ ሂዱ። አብዛኛው ነገር በሁለተኛው እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይለያል። እስከ ምንጩ መሄድ የሚያስፈልገው ገንዘብን፣ ጤናን ወይም የሌላ ሰውን ስም በሚነካ ጉዳይ ላይ ልትጠቀሙበት ስትሉ ነው።

የጎደለ ወይም የተሳሳተ ካለ አርሙኝ።

#2 ቀለመወርቅ

ብራና፣ በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን የአድራሻውን ነገር ጨርሶ መጣል አይገባም። ከአድራሻው ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክትና "ዶት ኦርግ" አንዳች ነገር ይናገራሉ። "ዶት ኦርግ" ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች የተሰጠ አይደለም እንዴ?

#3 ድርና ማግ

ቀለመወርቅ፣ "ዶት ኦርግ" ለማንም ክፍት ነው። ክፍያውን የከፈለ ሁሉ ይወስደዋል፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም። የተገደቡት "ዶት ጎቭ"ና "ዶት ኢዱ" ናቸው። የመጀመሪያው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ሁለተኛው ከ2001 ወዲህ ዕውቅና ላላቸው የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ብቻ ይሰጣል። እሱም ቢሆን የዩኒቨርሲቲው ስም ያለበት ሁሉ የዩኒቨርሲቲው ቃል ነው ማለት አይደለም። የተማሪ የግል ገጽና የክፍል ሥራም በዚያው አድራሻ ሥር ይቀመጣል።

የቁልፉ ምልክት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በእናንተና በገጹ መካከል የሚተላለፈውን መሃል ላይ ያለ ሰው አያነበውም። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ አይናገርም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ቁልፉን የሚያስገኘውን የምስክር ወረቀት በነፃ ማደል ከጀመረበት ከ2015 ወዲህ አጭበርባሪ ገጾችም ቁልፉን ያሳያሉ። ሰው "ቁልፍ ካለ ደኅና ነው" ብሎ ስለሚረዳው ጎግል በ2023 ምልክቱን ከክሮም አንሥቶ በሌላ ተክቶታል።

አድራሻ ሲነበብ ግን ዘዴ አለው፤ ከግራ ሳይሆን ከቀኝ ነው። ከሁለቱ ተከታታይ እዝባሮች (//) ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ እዝባር (/) ፈልጉ። ከእሱ በስተቀኝ ያለውን ሁሉ እርሱት። ከእሱ ወደ ግራ ስትመለሱ የምታገኟቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት በነጥብ የተለዩ ቁራጮች የባለቤቱ ስም ናቸው። ለምሳሌ፦

ባንካችን.ማረጋገጫ-ክፍል.ኮም/ደንበኞች

እዚህ ላይ ባለቤቱ "ማረጋገጫ-ክፍል.ኮም" ነው። "ባንካችን" የሚለው ያ ባለቤት እንዳሻው የለጠፈው ቅጥያ ነው፤ የሚፈልገውን የማንኛውንም ድርጅት ስም ሊያስቀምጥበት ይችላል። አንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ ብሪታኒያ፣ "ዶት ኮ ዶት ዩኬ" ስለሚሉ እዚያ ሦስት ቁራጭ ይወሰዳል። ይህችን ቀዳዳ የተጠቀመ ገጽ ነበር፤ በ2016 ገደማ የኤቢሲ ኒውስን አድራሻ "ዶት ኮም" ድረስ እንዳለ ወስዶ መጨረሻው ላይ "ዶት ኮ" ጨመረበት። ብዙ ሰው "ዶት ኮም" ሲያይ ማንበቡን አቆመና የፈጠራ ወሬውን እንደ ዜና አሰራጨው።

ከዚህ የረቀቀው የፊደል ማመሳሰል ነው። የሩሲያ "አ" እና የላቲን "አ" ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በ2017 አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በሩሲያ ፊደላት ብቻ የአፕልን አድራሻ መስሎ የሚታይ ስም አስመዝግቦ አሳይቷል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የመጣላችሁን ሊንክ አትጫኑ፣ የድርጅቱን ስም በእጃችሁ ጽፋችሁ ፈልጉት።

አንድ ልጨምር። የአድራሻው ምዝገባ የተፈጸመበት ቀን ይታያል፤ አይካን የሚባለው የአድራሻዎች አስተዳዳሪ ነፃ መፈለጊያ አለው። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ የተሸፈነ ነው፤ የተመዘገበበት ቀን ግን ይገኛል። "የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለው ተቋም" የሚል ገጽ አድራሻው ከሦስት ሳምንት በፊት የተመዘገበ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ተቃራኒው ግን አያስተማምንም። አሮጌ አድራሻ ባለቤቱ ሳያድሰው ሲቀር ሌላ ሰው ይገዛውና የቀድሞውን መልካም ስም ይወርሳል። ይህን ለማየት የገጾችን የቀድሞ ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ውስጥ አድራሻውን አስገቡና የዛሬ አምስት ዓመትና የዛሬ ሁለት ዓመት ምን ይመስል እንደነበር አወዳድሩ። የአንድ ትምህርት ቤት ገጽ የነበረው ዛሬ የክብደት መቀነሻ ክኒን የሚሸጥ ከሆነ ባለቤቱ ተለውጧል።

#4 ሚዛን

የብራና አራተኛ እርምጃ፣ ዋናው ምንጭ ድረስ መሄድ፣ በአጭሩ ታለፈ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው፤ የጥናቱን ወረቀት ካገኘ ጉዳዩ የተዘጋ ይመስለዋል።

የቸኮሌቱን ጥናት እንየው። በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ከጀርመን የቴሌቪዥን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአመጋገብ ሳይንስ ዘገባ ምን ያህል እንደሚጣራ ለመፈተን እውነተኛ ሙከራ አካሄደ። 16 ሰዎች ተመዘገቡ፣ 15 ጨረሱ። በሦስት ቡድን ተከፈሉ፦ አንዱ ካርቦሃይድሬት ቀነሰ፣ አንዱ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ በየቀኑ 42 ግራም ጥቁር ቸኮሌት በላ፣ አንዱ እንደወትሮው ቀጠለ። ውጤቱ፦ ቸኮሌት የበሉት 10 በመቶ ፈጥነው ቀነሱ። ወረቀቱ ገንዘብ ከፍለው በሚያሳትሙበት ጆርናል ወጣ፣ በብዙ አገር ጋዜጦችም ተራባ። ከጀርባው ያለው "ተቋም" ድረ ገጽ ብቻ ነበር።

ቁጥሮቹ የፈጠራ አልነበሩም። ዘዴው ያለው በተለኩት ነገሮች ብዛት ላይ ነው። ክብደት፣ ኮሌስትሮል፣ ሶዲየም፣ የእንቅልፍ ጥራት፣ ሌላም ሌላም፣ በድምሩ 18 ነገር ተለካ። በተለመደው የስታቲስቲክስ መስፈርት አንድ መለኪያ በዕድል ብቻ "ውጤት አለው" የሚል መልስ የመስጠት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። አለመስጠቱ 0.95 ነው። መለኪያዎቹ አንዱ ከሌላው የማይያያዙ ናቸው ብለን 0.95ን 18 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 0.40 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ቸኮሌት ምንም ባያደርግ እንኳ ከ18ቱ ቢያንስ አንዱ ላይ "ግኝት" የማግኘት ዕድሉ 60 በመቶ ነው። የወጣው ክብደት ሆነ፤ እንቅልፍ ቢወጣ ኖሮ ርእሱ ስለ እንቅልፍ ይሆን ነበር። አምስት አምስት ሰው ባለበት ቡድን ደግሞ የአንድ ሰው ክብደት አማካዩን ያዛባዋል።

ስለዚህ ጥናት ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚታየው የተሳታፊዎቹ ቁጥር በየቡድኑ ነው፤ ጠቅላላው ብቻ አይበቃም። ቀጥሎ፣ ስንት ነገር ለክተው ስለ ስንቱ ጻፉ? ቀጥሎ፣ በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ ወይስ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባለ ሕዋስ? አንድ መድኃኒት በሳህን ላይ ያለ የካንሰር ሕዋስ ገደለ ማለት ብዙ አይደለም፤ ጨውም፣ በረኪናም ይገድላል።

ከዚያ ወረቀቱ በሕይወት አለ ወይ? የእንግሊዛዊው ሐኪም የዌክፊልድ የክትባትና የኦቲዝም ጽሑፍ በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ሲወጣ የተመለከተው 12 ልጆችን ነበር። ጆርናሉ ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 ነው። በመሃሉ ባሉት 12 ዓመታት ሐሳቡ ዓለምን ዞረ፣ ዛሬም እንዳልተሰረዘ እየተጠቀሰ ነው። የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚመዘግብ ሪትራክሽን ዎች የሚባል መዝገብ አለ፤ የጽሑፉን ርእስ አስገብቶ ማየት ነው። የጆርናሉን ገጽ ራሱንም ክፈቱ፤ መሰረዙ ከላይ ይጻፋል። ሰው የላከላችሁ ፒዲኤፍ ከመሰረዙ በፊት የወረደ ከሆነ ምልክቱ አይኖርበትም።

አርካይቭ፣ ባዮ አርካይቭና ሜድ አርካይቭ ላይ ያሉት ገና በሌሎች ባለሙያዎች ያልተገመገሙ ረቂቆች መሆናቸውንም አትርሱ። መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ግን "የታተመ ጥናት" አይባሉም።

#5 ሰናይ

ሚዛን፣ መልካም። ነገር ግን የአብዛኛው አንባቢ ችግር ወረቀቱን አለመክፈቱ አይመስለኝም። "አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል" የሚለውን ሲያነብ ስንት መሆኑን አለመረዳቱ ነው። ይህን በቁጥር ብታሳዩን።

#6 ሚዛን

እውነት ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ውሸት የለበትም።

በ1995 በብሪታኒያ አንድ ዓይነት የወሊድ መከላከያ ክኒን የደም መርጋትን አደጋ "በ100 በመቶ" ይጨምራል ተባለ። ብዙ ሴቶች ደንግጠው አቆሙ። ቁጥሩ ሲገለጥ፣ የቀድሞውን ክኒን ከሚወስዱ 7000 ሴቶች አንዷን የሚያገኘው ችግር አዲሱን ከሚወስዱ 7000 ሁለቱን ያገኛል ማለት ነበር። 100 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ከ7000 አንዲት ተጨማሪ ሴትም ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያስደነግጠው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ መቶኛ ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የስንቱ? የመነሻው ቁጥር ካልተጻፈ መቶኛው ባዶ ነው። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በቀን 50 ግራም በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የአንጀት ካንሰርን አደጋ 18 በመቶ እንደሚጨምር አስታወቀ። በዕድሜ ዘመናቸው ይህ ካንሰር የሚያገኛቸው ከ100 ሰው 5 ናቸው ብለን ብንነሣ፣ የ5 18 በመቶ 0.9 ነው፤ ከ5 ወደ 6 ይጠጋል። አርእስተ ዜናዎቹ "እንደ ሲጋራ ገዳይ" ያሉት ሥጋው ከትንባሆ ጋር በአንድ ምድብ ስለ ተቀመጠ ነው። ምድቡ ግን የሚለካው ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ መሆኑን ነው፤ የአደጋውን መጠን አይለካም።

#7 ብርሃንና ጥላ

እስካሁን ስለ ጽሑፍ ነው የተወራው። የሚያደናግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስል ነው፣ ያውም ያልተነካካ እውነተኛ ምስል ከሌላ ቦታና ጊዜ ተወስዶ።

ምስል ሲያጋጥም ጎግል ሌንስ፣ ቲንአይ፣ ያንዴክስና ቢንግ ላይ በየተራ ፈልጉት። አንዱ ያላገኘውን ሌላው ያገኛል። ቲንአይ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ እንዲደረድር ማዘዝ ይቻላል፤ ለማጣራት ይህ ከሁሉ ይጠቅማል። ዛሬ ሆነ የተባለው ምስል የዛሬ ስድስት ዓመት ተለጥፎ ከተገኘ ሥራው አለቀ። ስክሪንሾት ከሆነ ከመፈለጋችሁ በፊት ጽሑፉን፣ ዳርቻውንና የስልኩን አናት ቁረጡ፤ ፍለጋው በምስሉ ፈንታ ጽሑፉን ይከተላል። ምንም ካልተገኘ ምስሉን ወደ ጎን ገልብጣችሁ እንደገና ሞክሩ፤ እንዳይታወቅ ግራና ቀኙን የሚያገላብጡ አሉ።

በጎርፍ በተጥለቀለቀ አውራ ጎዳና ላይ የሚዋኘውን ሻርክ ብዙዎች አይታችሁታል። ሻርኩ በ2005 ከታተመ፣ አንድ ቀዛፊን ሲከተል ከሚያሳይ ፎቶ የተቆረጠ ነው። በ2011 ፖርቶ ሪኮ ተባለ፣ በ2017 ሂውስተን ተባለ፣ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ከተማው ይለወጣል።

ምስሉ ውስጥ የተደበቀው የካሜራ መረጃ፣ ኤግዚፍ የሚሉት፣ ብዙ ሰው የሚመካበትን ያህል አይረዳም። ማኅበራዊ ሚዲያዎችና የመልእክት መተግበሪያዎች ምስሉን ሲያሳንሱት ያራግፉታል። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ከተላከ ሊተርፍ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ቀኑን መለወጥ የማንም ሥራ ነው። ባዶ መሆኑ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፣ መሙላቱም የእውነት ማስረጃ አይደለም።

ቪዲዮ ከሆነ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና የትዕይንት መቀየሪያውን ስክሪንሾት አንሥታችሁ እንደ ምስል ፈልጉ። ኢንቪድ የሚባለው የብራውዘር ማከያ ቪዲዮውን በራሱ ከፋፍሎ ይሰጣችኋል። ቪዲዮ ሳይቀጠልም ማዛባት ይቻላል፤ በ2019 የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የናንሲ ፔሎሲ ንግግር ፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ ተቀንሶ የሰከረች አስመስሏት ነበር። ያጋለጡት ሰዎች ያጣሩት በቀላሉ ነው፤ ከሙሉው ቅጂ ጎን አስቀምጠው አነጻጸሩት።

#8 ቀለመወርቅ

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራውስ? ምስሉ ላይ ያለው ሰው ጣት ከአምስት መብለጡን መቁጠር አሁንም ይሠራል?

#9 ብርሃንና ጥላ

አይሠራም። ጣቱ እየተስተካከለ ነው፤ ዛሬ የምታስተምሩት ምልክት በሚቀጥለው ስሪት ይጠፋል። ጣቱ አምስት ስለሆነ ብቻ የውሸቱን ምስል እንድታምኑም ያደርጋል። ምስሉን ትታችሁ በዙሪያው ያለውን ጠይቁ።

በሜይ 22፣ 2023 ፔንታጎን አጠገብ ፍንዳታ የሚያሳይ የውሸት ምስል ወጥቶ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያን ለጥቂት ደቂቃዎች ዝቅ አድርጎታል። ካሠራጩት አንዱ የታወቀ የዜና ድርጅት መስሎ የሚታይ፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበት የትዊተር ገጽ ነበር፤ ምልክቱ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በክፍያ የሚገኝ ሆኖ ነበር። ምስሉን ለመጣል ፒክሰል መመርመር አላስፈለገም። ሰው በሞላበት አካባቢ በቀን እንዲያ ያለ ፍንዳታ ቢሆን ከሌላ አቅጣጫ የተነሣ ሁለተኛ ምስል በደቂቃዎች ይወጣል። አልወጣም። የአካባቢው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትም ምንም እንደሌለ ወዲያው ተናገረ። የትልቅ ክስተት ብቸኛ ምስል ሲሆን ቆዩ።

"ይህ በማሽን የተሠራ ነው ወይ" ብለው የሚመልሱ መሣሪያዎችንም እንደ ዳኛ አትያዟቸው። ኦፕንኤአይ ለጽሑፍ ያወጣው መለያ በማሽን ከተጻፈው የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፣ ሰው ከጻፈው 9 በመቶውን ደግሞ የማሽን ነው አለ፤ በ2023 ኩባንያው ራሱ ዘጋው።

#10 ሰናይ

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፦ ቻትጂፒቲን ጠይቆ ከነማጣቀሻው የሰጠውን መልስ እዚህ የሚለጥፍ በዝቷል። ማጣቀሻው የሚታየው ስም፣ ዓመትና የገጽ ቁጥር ያለው ነው።

#11 ብራና

ሰናይ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ማጣቀሻን የሚሠሩት እንደማንኛውም ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመደርደር። ስለዚህ የሌለ ጽሑፍ በእውነተኛ ተመራማሪ ስም፣ በእውነተኛ ጆርናል ስም ይወጣል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ፍርዶች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5000 ዶላር ተቀጥተዋል። ፍርዶቹ እውነት መሆናቸውን ያረጋገጡት ፕሮግራሙን ራሱን መልሰው በመጠየቅ ነበር፤ አሉ አላቸው።

ማጣራቱ ሁለት ደቂቃ ነው። የጽሑፉን ሙሉ ርእስ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብታችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉ። ካልተገኘ የጆርናሉን ገጽ ክፈቱና የተጠቀሰው ቅጽና የገጽ ቁጥር ላይ ምን እንዳለ እዩ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ዲኦአይ የሚባለው፣ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው መለያ ካለ የመለያው መፈለጊያ ላይ አስገቡት፤ የፈጠራ ከሆነ ወይ አይከፈትም፣ ወይ ከርእሱ ጋር የማይገናኝ ነገር ይከፍታል።

ጽሑፉ በእርግጥ ከተገኘም ገና ነው። ያለ ጽሑፍ ያላለው ነገር ሲለጠፍበት ከሌለ ጽሑፍ ይልቅ ያሳስታል፤ ሊንኩ ስለሚከፈት ማንም አያነበውም። ቢያንስ ማጠቃለያውን አንብቡና ተባለ የተባለውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ።

#12 ድርና ማግ

ብራና "ወሬውን ሌላ ማን እንደዘገበው ተመልከቱ" ያሉት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሥር ገጽ አንድ ነገር ካለ አሥር ምንጭ አይደለም፤ አሥሩም ከአንዱ ቀድተው ሊሆን ይችላል።

በ2009 ካርል-ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ የጀርመን የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሲሆን ከረዥሙ ስሙ መሃል አንድ ሰው ዊኪፒዲያ ላይ "ዊልሄልም" የሚል ጨመረ። ታላላቅ ጋዜጦች ገልብጠው አወጡት። ዊኪፒዲያ ላይ ምንጭ ሲጠየቅ ከእነዚያው ዘገባዎች አንዱ፣ ሽፒገል ኦንላይን፣ እንደ ማስረጃ ተጠቀሰ። ውሸቱ የራሱን ምስክር ወለደ።

እንዲህ ያለውን ክብ ለመለየት አንድ ልዩ ሐረግ ወይም የተለየ ቁጥር ምረጡ፣ በጥቅስ ምልክት ፈልጉ፣ ከዚያ ውጤቱን በቀን ገድቡ። ቢፎር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከኮሎን ምልክትና ከቀን ጋር ሲጻፍ ጎግል ከዚያ በፊት የወጣውን ብቻ ያሳያል። ቀኑን ወደ ኋላ እየገፋችሁ ሂዱ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ገጽ ቀጥሎ የወጡ ከሆኑ ያላችሁ አንድ ምንጭ ነው። ዊኪፒዲያ ላይ ደግሞ "ታሪክ" የሚለውን ተጫኑና ዓረፍተ ነገሩ መቼ እንደገባ እዩ፤ ከዘገባው ቀድሞ ከገባ ዘገባው ምንጩ ሊሆን አይችልም።

ዊኪፒዲያን ግን አትጣሉት። የማታውቁትን ድርጅት ስም ለማየት፣ ከሥር ያሉትንም ማጣቀሻዎች ለመከተል ጥሩ በር ነው።

#13 ፊደል

በአማርኛ ለምናጣራ ሰዎች ያልተነሣ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ፍለጋ የሚከሽፈው።

አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ስለምንጽፍ መፈለጊያው ቃሉን ሊስተው ይችላል፣ በተለይ በጥቅስ ምልክት ስትፈልጉ። "ፀሐይ" ብላችሁ ስትፈልጉ "ጸሐይ"ና "ፀሀይ" ይቀራሉ። "ዓለም" ብላችሁ "አለም" ይቀራል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እያፈራረቃችሁ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈልጉ። የውጭ ሰው ስም ከሆነ የባሰ ነው፦ አንዱ "ጆንሰን" ሌላው "ጆንስን" ይለዋል። "ጎግል ላይ የለም" ከማለት በፊት ይህ መደረግ አለበት።

ሁለተኛው፣ የሳይንስና የጤና ወሬ ብዙው የተተረጎመ ነው፤ ስህተቱም የሚገባው በትርጉም ላይ ነው። "ሊቀንስ ይችላል" የሚለው "ይቀንሳል" ይሆናል፣ "ከ...ጋር ተያይዞ ታየ" የሚለው "ምክንያቱ ታወቀ" ይሆናል፣ ቢሊዮን ሚሊዮን ይሆናል። ስለዚህ ቁልፍ ስሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ይዛችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ተርጉሞ መፈለግ አያስፈልግም፤ ስምና ቁጥር አይተረጎሙም። ካገኛችሁ በኋላ ግሡን ከግሡ አነጻጽሩ።

ዓመተ ምሕረቱንም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አሮጌ ወሬን ትኩስ ያስመስላል።

#14 ሰናይ

ፎርዋርድ እየተደረገ በዋትስአፕ የሚመጣውስ? ሊንክ የለው፣ ስም የለው፣ አድራሻ የለው።

#15 ፊደል

ሰናይ፣ መልእክቱ ላይ ድርብ ቀስት ካለ ከመጀመሪያው ላኪ ተነሥቶ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ አልፏል ማለት ነው። ከ2020 ወዲህ እንዲህ ያለውን ዋትስአፕ በአንድ ጊዜ ለአንድ ቻት ብቻ እንዲላክ አድርጎታል። ድርብ ቀስቱ ውሸት ነው አይልም። የላከላችሁ ሰው አልጻፈውም፣ ከየት እንደተነሣም አያውቅም ማለት ነው። "ማን ላከልህ" ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ከመሃሉ የሚፈተሽ አንድ ነገር አውጡ፦ የተቋም ስም፣ ቀን፣ ቁጥር። ያን ፈልጉ። የሚፈተሽ ነገር አንድም ከሌለው፣ "አንድ ታዋቂ ሐኪም" ብቻ ካለ፣ የሚጣራ ነገር የለውምና እዚያው ይቁም።

#16 ቀለመወርቅ

የዶት ኦርጉን ነገር ተቀብያለሁ፣ ድርና ማግ አመሰግናለሁ። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ምንም ላያምን ይችላል። "ሁሉም ይዋሻል" ማለትም ሌላ ስህተት ነው፤ ያልተጣራን ነገር እንደ ማመን ሁሉ ያልተጣራን ነገር መካድም ማጣራት አይደለም።

#17 ሚዛን

ትክክል። ስለ ቸኮሌቱ ጥናት የጻፍኩት "ጥናት ሁሉ ውሸት ነው" ተብሎ እንዳይነበብ። አንድ ጥናት ይሳሳታል። ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው በአስቀድሞ በተጻፈ ደንብ የሚመዝኑ ግምገማዎች፣ ለምሳሌ የኮክሬን ግምገማዎች፣ በጤና ጉዳይ ከአንድ ወረቀት በላይ ክብደት አላቸው፤ ማስረጃው ደካማ ሲሆንም ደካማ ነው ብለው ይጽፋሉ። ጊዜ ከሌላችሁ ከእነዚህ ጀምሩ።

#18 ሰናይ

የመጨረሻ ጥያቄ። የተሳሳተ ነገር ለጥፎ ብዙ ሰው ሼር ካደረገበት በኋላ ያወቀ ሰው፣ ያጥፋው ወይስ ያርመው?

#19 ብራና

እዚያው ልጥፍ ላይ ያርመው፣ ከአናቱ። ካጠፋው ስክሪንሾቱ ያለ እርማት መዞሩን ይቀጥላል፤ አዲስ ልጥፍ ከጻፈ ደግሞ የመጀመሪያውን ያዩት አያዩትም። እርማቱ በትክክለኛው መረጃ ይጀምር፣ ቀጥሎ የተሳሳተውን አንዴ ብቻ ያንሣ፣ ለምን እንደተሳሳተ ይናገርና ወደ ትክክለኛው ይመለስ። ውሸቱን በርእስ ላይ መልሶ ጽፎ "ውሸት ነው" ማለት ጉዳት አለው፤ የተደጋገመ ነገር እውነት እንደሚመስል ከ1977 ጀምሮ በሙከራ ታይቷል። ከመንካቱ በፊት ግን ዌይባክ ማሽን ላይ "ገጹን አሁን አስቀምጥ" በሚለው ልጥፉን እንዳለ ያስቀምጥና ሊንኩን ከእርማቱ ሥር ይለጥፍ። ለሁሉም ክፍት ያልሆነ ልጥፍ ስለማይቀመጥ፣ እንዲህ ከሆነ ቀኑና አድራሻው የሚታይ ስክሪንሾት ያንሣ።